ያለ ዲግሪና ያለ ትውውቅ ወደ ፈጠራ ሥራ መግባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በፎቶ፣ በቪዲዮ፣ በዲዛይን፣ በሙዚቃ፣ በአኒሜሽን ወይም በሥዕል ሠርተው ማደር ለሚፈልጉ፣ ግን ገንዘብም፣ የትምህርት ማስረጃም፣ በሙያው ውስጥ የሚያውቁት ሰውም ለሌላቸው ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች እነሱን ለሚረዱ ድርጅቶችና መካሪዎች ናቸው። ተሰጥኦ ያለው ወጣት ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚቀረው ያለቀ ሥራ፣ የተቆረጠ ዋጋና የተፈረመ ወረቀት በእጁ ስለሌለ ነው። መልሶቻችን ሰፋ የሚሉትም እዚህ እዚህ ላይ ነው።

ዲግሪ የለኝም። ማን ይቀጥረኛል?

በአብዛኛው የፈጠራ ዘርፍ መጀመሪያ የሚታየው የሠራችሁት ሥራ ነው። አርክቴክቸር፣ መምህርነት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥርና አንዳንድ ትልልቅ ኩባንያዎች ግን ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ከድካም ያድናል። ማስታወቂያው «ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ልምድ» ካለ ሥራችሁን አያይዛችሁ አመልክቱ። ለአጭር ኮርስ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስጨርስ ምን ያለቀ ሥራ ይዤ እወጣለሁ? ሥራዬን ዓይቶ የሚያርመኝ ማነው? ባለፈው ዙር ከተማሩት ሁለቱን ማነጋገር እችላለሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ የሚያመነታ ተቋም ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሁሉም ይማርከኛል። የትኛውን ልምረጥ?

ለስድስት ወር አንዱን ብቻ ያዙ። ሰው ሁሉ የሚሻማው ፊት ለፊት የሚታዩትን ቦታዎች ነው፤ ዘፋኝ፣ ዳይሬክተር፣ ፎቶግራፈር። ከኋላ ያሉት ሙያዎች ግን ተሻሚያቸው ጥቂት ነው፦ ድምፅ መቅዳት፣ የቪዲዮ ኤዲተር ረዳትነት፣ የግርጌ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ፎቶ ማረም፣ የመጽሔት ገጽ ማቀናበር፣ የመድረክ መብራት፣ የአልባሳት ስፌት፣ የቀረጻ ፋይሎችን መገልበጥና ማደራጀት። በዚህ በር የገባ ሰው ከባለሙያዎች ጋር ይውላል፤ ቀጣዩ ሥራ የሚመጣውም ከነሱ ነው።

ለመወሰን አራት ሳምንት ሞክሩ። በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ሥራ ጀምራችሁ ጨርሱ። በአራተኛው ሳምንት ጉጉቱ ሲበርድ አሰልቺውን ክፍል፣ ለምሳሌ ድምፅ ማጽዳትን ወይም ፊደላትን ማስተካከልን፣ ሳትማረሩ ከሠራችሁ ሙያችሁን አግኝታችኋል ማለት ይቻላል።

ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ካሜራ እስክገዛ ልጠብቅ?

አትጠብቁ። በስልክ የተሠራን ሥራ የሚያበላሹት ብርሃንና ድምፅ ናቸው፤ ሁለቱንም ያለ ገንዘብ ማሻሻል ይቻላል።

ሰው ስትቀርጹ መስኮቱ ከፊቱ ወይም ከጎኑ ይሁን፤ ከጀርባው ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል። ከመቅረጻችሁ በፊት ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ የሰውየውን ፊት ስክሪኑ ላይ ተጭናችሁ በመቆየት ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ መሃል ላይ የሚገባ ጥሪ ቀረጻውን ያቋርጣል። በክፍል መብራት ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች የሚንከባለሉ ከሆነ ምክንያቱ የኤሌክትሪኩ ሞገድ ነው። የአገሩ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርትዝ በሆነበት ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ፣ 60 ኸርትዝ በሆነበት 1/60 ወይም 1/120 ላይ አድርጉ። በ1080 ጥራት የተቀረጸ አንድ ደቂቃ እንደ ስልኩና እንደ ቅንብሩ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ባዶ ቦታችሁን ቀድማችሁ አስሉ።

ድምፅ ላይ ዋናው ነገር ርቀት ነው። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር፣ 20 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እዚያው ይቀራል። ከሩቅ የተቀዳ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ ስልክ ከተገኘ የድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ በተናጋሪው የደረት ኪስ ውስጥ አስገቡት፤ ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። በኤዲቲንግ ጊዜ የጭብጨባው ድምፅና የመዳፎቹ መግጠም ሁለቱን ፋይሎች ለማናበብ ይረዳል። ክፍሉ ካስተጋባ ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስቀሉ።

ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ፣ ከዚያ ትራይፖድ፣ ከዚያ መብራት ግዙ። ካሜራ የመጨረሻው ነው።

ሶፍትዌር መግዛት አልችልም፤ ኮምፒውተሬም ደካማ ነው።

ለሎጎና ለመስመር ሥራ ኢንክስኬፕ፣ ለሥዕል ክሪታ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለድምፅ ኦዳሲቲ፣ ለቪዲዮ ኬደንላይቭ፣ ለባለ ሦስት አውታር (3D) አኒሜሽን ብሌንደር አሉ፤ ሁሉም ነጻ ናቸው። ብሌንደር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በረጅም የአኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ኦስካር ያገኘው «ፍሎው»ም የተሠራው በእሱ ነው። የተሰበረ፣ ማለትም ፈቃዱ ተጥሶ በነጻ የተለቀቀ ሶፍትዌር ከማውረድ ተቆጠቡ። አብሮት የሚመጣ ቫይረስ የደንበኛን ፋይል ሊያጠፋ ይችላል፤ ትልቅ ደንበኛ ፈቃድ ሲጠይቃችሁም የምታሳዩት አይኖርም።

ኮምፒውተሩ ቪዲዮ ሲያጫውት ከተንቀራፈፈ ፕሮክሲ ተጠቀሙ፦ ሶፍትዌሩ የትልቁን ፋይል ትንሽ ቅጂ ይሠራል፣ እናንተ በትንሹ ትቆርጣላችሁ፣ ሲያልቅ በትልቁ ያወጣዋል። ማንኛውም ሥራ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፤ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ደንበኛው ዓይቶ ሳያጸድቅ ሜሞሪ ካርድ አይጠረግም።

ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማሳያ ስብስብ) ላይ ስንት ሥራ ይግባ?

ከ6 እስከ 8። ምርጡ መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ምርጥ መጨረሻ። ሃያ ሥራ ያስገባ ሰው የሚለካው በደካማው ነው። በእያንዳንዱ ሥራ ሥር ሦስት መስመር ጻፉ፦ ለማን ተሠራ፣ ምን ችግር ለመፍታት፣ የእናንተ ድርሻ ምን ነበር። በቡድን የተሠራውን የብቻ አስመስሎ ማቅረብ ቶሎ ይታወቃል፤ ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ይተዋወቃሉ።

ሥራችሁን የሚያየውን ሰው አስቡት። በሁለት ስብሰባ መሃል፣ በስልኩ፣ ምናልባት ለአንድ ደቂቃ ነው የሚያየው። ፋይሉ 80 ሜጋባይት ከሆነ እያወረደ ሳለ ስብሰባው ይጀመራል። ስሙ «የመጨረሻ_አዲስ2» ከሆነ በማግስቱ ፈልጎ አያገኘውም። ሊንኩ «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ካመጣበት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይዘጋዋል። ስለዚህ ፒዲኤፉ ከ10 ሜጋባይት አይብለጥ፣ የፋይሉ ስም የእናንተ ስምና ሙያ ይሁን፣ ስልክ ቁጥራችሁ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ገጽ ላይ ይኑር፣ ሊንኩን ደግሞ የእናንተ አካውንት ባልተከፈተበት በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። የቪዲዮ ማሳያ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ምርጡ ምስል በመጀመሪያዎቹ 5 ሰከንዶች ውስጥ ይምጣ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከመላካችሁ በፊት ሙያውን ለማያውቅ ሰው ስልኩን ስጡትና ምንም ሳታብራሩ አውራ ጣቱን ተመልከቱ። የት ቆመ? የቱን ዘለለው? የዘለለውን አውጡት።

ደንበኛ ኖሮኝ አያውቅም። ምን ላሳይ?

ለራሳችሁ ሥራ እዘዙ፤ ግን እውነተኛ ችግር ይኑረው። ለማንም ያልሆነ «የሚያምር ፖስተር» ስለ ችሎታችሁ ብዙም አይናገርም። ማንበብ ለሚቸግራቸው አረጋውያን የተሠራ የመድኃኒት አወሳሰድ ካርድ ግን ማሰብ እንደምትችሉ ያሳያል። ሥሩ ላይ «የልምምድ ሥራ» ብላችሁ ጻፉ። የታወቀ ኩባንያን ሎጎ ለጥፎ ደንበኛ ማስመሰል ስም ያጠፋል። ለኅትመት የሚሆን ሥራ ካስገባችሁ በሕጉ አዘጋጁት፦ ጥራቱ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተሙ ነጥቦች ብዛት)፣ ቀለሙ ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ አራቱ ቀለሞች)፣ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ትርፍ። ያለ ትርፉ ማተሚያ ቤቱ ሲከረክም ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል።

የመጀመሪያውን ደንበኛ ከየት አገኛለሁ?

30 ስም ጻፉ፦ 10 የሚያውቋችሁ ሰዎች፣ 10 ትንንሽ ነጋዴዎች፣ 10 በሙያው ያሉና ረዳት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች። ለእያንዳንዳቸው ለብቻቸው ጻፉ። ለሁሉም የተላከ መልእክት ስለ ሁሉም ስለሚያወራ ማንም የእኔ ነው አይለውም። እንዲህ ያለው ይሠራል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምትሠሯቸውን የቆዳ ቦርሳዎች ገጻችሁ ላይ ተመልክቻለሁ። ስፌታቸውና ውስጣቸው በቅርበት ቢታይ ገዢው ጥራቱን የሚረዳ ይመስለኛል። አምስት ቦርሳ፣ እያንዳንዱን በአራት አቅጣጫ አንስቼ በ3 ቀን ማስረከብ እችላለሁ። ናሙና ከታች አለ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ልደውል?»

አብዛኛው አይመልስም፤ ይህ የተለመደ ስለሆነ ልባችሁ አይሰበር። ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ አዲስ ሥራ ይዛችሁ ተመለሱ።

«ለአሁኑ በነጻ ሥሩልን» ቢሉስ?

ራሳችሁ ከመረጣችሁት፣ መጠኑ ከታወቀ፣ ሥራውን ለማሳየት ፈቃድ ካገኛችሁና ሌላው ሰው በእናንተ ድካም የማያተርፍ ከሆነ ይሁን። ያን ጊዜም የክፍያ መጠየቂያ ስጡ፦ ሙሉ ዋጋው፣ ከሥሩ 100 በመቶ ቅናሽ፣ ቀሪ 0። ደንበኛው ዋጋውን ያውቀዋል፤ ቀጣዩ ድርድር ከዜሮ አይነሳም። ከዚህ ውጪ ያለው «ለሌላ ጊዜ እንክሳለን» ወረቀት ላይ ካልሰፈረ አትቁጠሩት። የውድድር ደንቦችንም አንብቡ፤ ያሸነፈውንም ያላሸነፈውንም ሥራ መብት የሚወስዱ አሉ።

ስንት ልጠይቅ?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ስሌቱን እንየው። ከ365 ቀን ቅዳሜና እሑድ ሲወጣ 261 ይቀራል። ለበዓል፣ ለሕመምና ለእረፍት 41 ቀን ስትቀንሱ 220 ይሆናል። ከዚህ ግማሽ ያህሉ ደንበኛ ፍለጋ፣ ስልክ፣ ሒሳብ መያዝና መማር ይወስደዋል፤ ገንዘብ የሚከፈልበት ቀን 110 ገደማ ነው።

አሁን የዓመት ኑሯችሁ 880 ነው እንበል፤ ገንዘቡ የትኛውም ይሁን። ለዕቃ እድሳትና ለኢንተርኔት 110፣ ለግብርና ለመጠባበቂያ 220 ጨምሩ። ድምሩ 1210 ነው። ለ110 ቀን ሲካፈል በቀን 11። ኑሮውን ብቻ ለ220 ቀን ያካፈለ ሰው ግን በቀን 4 ይጠይቃል፤ የሚያገኘው ከሚያስፈልገው ሲሶ ብዙም አያልፍም። በዓመቱ መጨረሻ «ሥራ ሞልቶኝ ለምን ባዶ እጄን ቀረሁ?» የሚለው ይህ ሰው ነው። ስንፍና የለበትም፤ ሒሳቡ ነው የጎደለው።

ለደንበኛው የምትነግሩት ግን የሥራውን ጠቅላላ ዋጋ ይሁን። ዋጋውን ከተናገራችሁ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ሲከብድ ፈጥኖ መቀነስ የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው። ደንበኛው አቅም ካነሰው ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን ቀንሱ፤ አምስት ፎቶ ሦስት ይሁን።

ውል የግድ ነው? የማውቃቸው ሰዎች ናቸው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ውል ለሚተዋወቁ ሰዎች ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጸቡ ከገንዘቡ በላይ ያስከፍላልና። አንድ ገጽ ይበቃል፦

- ምን፣ ስንት፣ በምን መጠንና ፎርማት ይረከባሉ
- የማስረከቢያው ቀን፤ የሚቆጠረውም ደንበኛው ጽሑፉንና ፎቶውን ካስረከበበት ዕለት ጀምሮ
- ቀብድ ግማሽ፣ ረዘም ላለ ሥራ 30-40-30 በመቶ
- ሁለት ዙር ማስተካከያ፤ ሦስተኛው በተጨማሪ ክፍያ
- ሥራውን የሚያጸድቀው አንድ ሰው፣ በስሙ
- ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ የሚከፈለው
- ደንበኛው የት፣ ለምን ያህል ጊዜ ይጠቀምበታል፤ መብቱ የሚተላለፈው ክፍያ ሲጠናቀቅ መሆኑ

አምስተኛዋን መስመር አትዝለሏት። አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ፣ አለቃው ደግሞ በመጨረሻው ቀን የመጀመሪያው ይሻል ነበር ሲሉ የሚሰቃየው ዲዛይነሩ ነው። ቀሪ ክፍያ እስኪገባ ድረስ ስማችሁ የታተመበት ወይም ዝቅተኛ ጥራት ያለው ቅጂ አሳዩ።

ክፍያ ቢዘገይስ?

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ወረቀቱ የጎደለው ነገር አለ ወይም ሒሳብ ክፍል አልደረሰም። ሥራ ሳትጀምሩ «ክፍያውን የሚፈጽመው ማነው? ምን ሰነድ ይፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቂያው ላይ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የመክፈያ የመጨረሻ ቀን፣ የሥራው ዝርዝርና የባንክ ሒሳባችሁ ይኑር። ቀኑ ሊደርስ 3 ቀን ሲቀረው አስታውሱ፣ ካለፈ ከ7 ቀን በኋላ ደውሉ፣ በ14ኛው ቀን የቀረውን ሥራ እንዳቆማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

ሥራዬን ቢሰርቁኝስ? የቅጂ መብት ማስመዝገብ አለብኝ?

እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት አባል በሆኑ አገሮች ጥበቃው ሥራው እንደተፈጠረ ይጀምራል፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ስምምነቱ ለአብዛኛው ሥራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። የሚጠበቀው ግን የተሠራው ሥራ ነው፤ ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም። ስለዚህ በየቀኑ የሠራችሁበትን ረቂቅና ዋናውን ፋይል አስቀምጡ። ተቀጣሪ ሆናችሁ የሠራችሁት የማን እንደሆነ ከአገር አገር ስለሚለያይ የቅጥር ውሉን አንብቡ።

የሌላውንም መብት አክብሩ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው፣ ባለቤቱ ሌሎች ሥራውን እንዲጠቀሙ አስቀድሞ የሚሰጠው ፈቃድ ያለው ፎቶ ሁሉ ለንግድ አይሆንም፤ አንዳንዱ ፈቃድ ንግድን ይከለክላል፣ አብዛኛውም የባለቤቱን ስም መጥቀስ ያስገድዳል። ሙዚቃ ላይ ደግሞ ሁለት መብት አለ፦ የድርሰቱና የተቀዳው ድምፅ። ከስቱዲዮ ሳትወጡ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና ቀረጻ የማን እንደሆኑ በመቶኛ ጽፋችሁ ፈርሙ። ዘፈኑ ዝነኛ ከሆነ በኋላ የሚደረግ ክፍፍል ጓደኝነት ያፈርሳል።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥራዬን አይወስድብኝም?

የአንዳንዱን ሥራ ዋጋ አውርዶታል፤ ፎቶ ላይ ከሰው ወይም ከዕቃ ጀርባ ያለውን ቆርጦ ማውጣትና ንግግርን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከነዚህ ናቸው። ቦታው ላይ ተገኝቶ መቅረጽ፣ ደንበኛው ያልተናገረውን መረዳት፣ ለስህተት ኃላፊነት መውሰድ የሰው ሆኖ ቀጥሏል። ከተጠቀማችሁበት ለደንበኛው ንገሩት፤ ገና ያልወጣ ፋይሉን ያለ ፈቃዱ የትም አትጫኑ።

ከጓደኞቼ ጋር ድርጅት ብንከፍት?

ጥሩ ነው፤ ግን በመጀመሪያው ቀን ጻፉ፦ ድርሻው ስንት ስንት ነው፣ ካሜራው የማን ነው፣ አንዱ ቢለቅ ምን ይዞ ይሄዳል፣ ባንክ የሚፈርሙት እነማን ናቸው። እኩል መካፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ አንዱ ሌሊቱን ሲሠራ ሲያድር ሌላው ሲተኛ ግን በሦስተኛው ሥራ ላይ ያጣላል። ለመነሻ ይህን ሞክሩ፦ ከእያንዳንዱ ክፍያ 20 በመቶ ለጋራ ካዝና፣ 10 በመቶ ሥራውን ላመጣው፣ 70 በመቶ በተሠራበት ሰዓት።

ብድር ወስጄ ዕቃ ልግዛ?

አንድ ዓይነት ሥራ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተከፍሏችሁ ሳትሠሩ አትበደሩ። እስከዚያ ተከራዩ፣ ኪራዩንም ዋጋው ውስጥ አስገቡ። ሦስት ወር በተከታታይ የከፈላችሁት ኪራይ ከወር የብድር ክፍያው ከበለጠ ያን ጊዜ መግዛት ያዋጣል።

የማጭበርበር ምልክቱ ምንድነው?

ሥራ ለማግኘት የመመዝገቢያ ገንዘብ መጠየቅ፤ «በስህተት ብዙ ልኬያለሁ፣ ትርፉን መልሱልኝ» ማለት፤ «ለሙከራ» ብሎ ሙሉውን ዲዛይን ማሠራት፤ ውል ሳይኖር የመታወቂያ ቅጂ መፈለግ። አንዱ ብቻ ሲታይ ለመተው በቂ ነው።

ወጣቶችን የምንረዳ ድርጅት ነን። ሥልጠናችን ሰው ይሞላል፤ ሥራ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው። ምን እናሻሽል?

ከምልመላው ጀምሩ። ረጅም ማመልከቻና ፖርትፎሊዮ ስትጠይቁ የሚመጡት ዕድሉ ቀድሞ የደረሳቸው ናቸው። የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ተቀበሉ፤ ከዚያ ግማሽ ቀን አብራችሁ ሠርታችሁ ምረጡ። በአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ የእያንዳንዱን ሥራ ዓይቶ ማረም አይቻልም።

የትራንስፖርትና የምግብ አበል በሳምንቱ መጀመሪያ ይከፈል። በወሩ መጨረሻ የሚከፈል አበል ዛሬ መሳፈሪያ ለሌለው አይደርስለትም። አንድ ሰው ሲቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ደውሉ፣ በቁጣም አይሁን። ብዙ ጊዜ ከጀርባው የታመመ ወላጅ፣ የሚጠብቀው ልጅ ወይም የቀን ሥራ አለ፤ ሰዓት መቀየር ብቻ ሊመልሰው ይችላል። አንድ ካሜራ ለሦስት ሰው፣ ሁለት ባትሪ ከነቻርጀሩ፣ የውሰት መዝገብ ይኑር። ዕቃው ቅዳሜና እሑድ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈ ግን የገዛችሁት ለማን ነው?

ከጠቅላላው ጊዜ የመጨረሻውን ሲሶ ክፍያ ላለው እውነተኛ ሥራ ስጡ። የራሳችሁን ፖስተር፣ ፎቶና ሪፖርት ለተማሪዎቻችሁ በውል አሠሩ፤ ቀብድ ክፈሉ፣ መጠየቂያ ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ውል በወዳጅ እጅ የፈረመ ወጣት ሁለተኛውን አይፈራም። ከምረቃ በኋላ ስድስት ወር ዕቃውና ምክሩ ክፍት ይሁን፤ ብዙዎች የሚወድቁት የምስክር ወረቀቱን ባገኙ ማግስት ነው። ሪፖርታችሁም ስንት ሰው ሠለጠነ ከሚለው ይልቅ በ6ኛውና በ12ኛው ወር በሙያው ገቢ ያለው ስንት ነው የሚለውን ይቁጠር። ገንዘብ ለማሰባሰብ ስትሉም የወጣቶቹን ችግር በፎቶ አታውጡ፤ ነገ የሚቀጥራቸው ሰው ስማቸውን ሲፈልግ የሚያገኘው ያንን ነው።

በሙያው ቆይቻለሁ፤ መካሪ መሆን እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

በሁለት ሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለስድስት ወር። በእያንዳንዱ ሰዓት የወጣቱ አንድ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ይኑር፤ ሥራ ከሌለ ውይይቱ ወደ ስብከት ይሄዳል። «ጥሩ ነው» አይበቃም። «ይህ ርዕስ ከሁለት ሜትር አይነበብም፤ ፊደሉን አሳድገውና ለሐሙስ አሳየኝ» የሚለው ይበቃል። የሥራ ተስፋ አትስጡ። ዋጋችሁን፣ ውላችሁን፣ የከሸፈባችሁን ሥራ ግን ደብቃችሁ አታስቀሩ፤ ትውውቅ ያለው ልጅ እነዚህን እቤቱ እየሰማ ነው ያደገው። በስድስት ወሩ ውስጥም ቢያንስ አንድ ጊዜ ስልካችሁን አንስታችሁ ለምታውቁት ባለሙያ የወጣቱን ስም ጠርታችሁ አስተዋውቁት።